የላቲን ቅዳሴ ማኅበራት ሁሉ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ከተደረገው የቅዳሴ ለውጥ በፊት በነበረው ጥንታዊ የላቲን ሥርዓት ስለሚቀድሱ የካቶሊክ ማኅበራት ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁሉንም ከሮም እንደተለዩ አድርጎ ማቅረቡና በቅዳሴያቸው የተገኘ ምእመን ሁሉ ኃጢአት ሠርቷል ብሎ መደምደሙ የብዙዎችን ኅሊና ያለ በቂ ምክንያት የሚያስጨንቅ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ያንን ለውጥ የተቃወሙት ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1988 በስዊዘርላንድ ኤኮን ያለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፈቃድ አራት ጳጳሳትን ሲሾሙ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ድርጊቱን አንድነትን የሚያፈርስ ብለው አውግዘዋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከለፌቭር ጋር የነበሩ ነገር ግን ሹመቱን ያልተቀበሉ ካህናት የቅዱስ ጴጥሮስን የካህናት ማኅበር መሥርተው የቅድስት መንበርን (የቫቲካንን) ሙሉ ዕውቅና አገኙ። እነዚህ በሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ፈቃድ በሚቀድሱት ቅዳሴ መገኘት በማንኛውም ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ከማስቀደስ በምንም አይለይም።

አከራካሪው ለፌቭር የመሠረቱት የቅዱስ ፒዮስ 10ኛ ማኅበር ነው። ካህናቱ የተካኑት ሥልጣነ ክህነት ባላቸው ጳጳሳት እጅ ስለሆነ ቅዳሴያቸው እውነተኛ ቅዳሴ ነው፤ የጎደለው ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው የአገልግሎት ፈቃድ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 የአራቱን ጳጳሳት ውግዘት ካነሱ በኋላ በጻፉት ደብዳቤ፣ ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕጋዊ አቋም እንደሌለውና ምክንያቱም የእምነት ትምህርት ልዩነት መሆኑን በግልጽ አስረድተዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፍራንቸስኮስም የማኅበሩ ካህናት ኑዛዜ እንዲሰሙ በ2015 የፈቀዱት፣ በ2017ም የተክሊል ጉዳይ በየጳጳሳቱ በኩል እንዲስተካከል መንገድ የከፈቱት ለምእመናኑ ነፍስ አስበው እንጂ የማኅበሩን አቋም ለማጽደቅ አልነበረም። የማኅበሩ ደጋፊዎች ይህን ነገሩ ሁሉ እንዳበቃ ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡት ያሳዝነኛል፤ ተቃዋሚዎቹ ጭራሽ እንዳልተደረገ ቆጥረው ሲያልፉትም እንዲሁ።

በዚህ ማኅበር ቅዳሴ ስለ መገኘት፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና አንቀጽ 1248 በካቶሊክ ሥርዓት በሚቀደስበት ሥፍራ ሁሉ የተገኘ ምእመን የሰንበት ግዴታውን እንደፈጸመ ይደነግጋል። ጉዳዩን ይከታተል የነበረው የቫቲካን ኮሚሽንም ለጠየቁት ምእመናን በሰጠው መልስ፣ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለመለየት ሳይሆን ለጥንታዊው ሥርዓት ባለው ፍቅር የሚሄድ ሰው ኃጢአት የለበትም ብሏል፤ ሆኖም መሄዱን አልመከረም። እኔም ይህ ጥንቃቄ ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዘወትር እዚያ ብቻ የሚያስቀድስ ቤተሰብ፣ በተለይም ልጆቹ፣ የራሳቸውን ጳጳስ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ተጠርጣሪ ማየት ሊለምዱ ይችላሉ። በዚያው ልክ ግን የፍራንቸስኮስ የ2021ዱ ድንጋጌ በየቁምስናው ይደረግ የነበረውን የላቲን ቅዳሴ ካጠበበ ወዲህ ሌላ አማራጭ አጥቶ ወደዚያ የሚሄደውን ሰው ከሃዲ ማለት ግፍ ነው፤ ጳጳሳት ለእንዲህ ያሉት ምእመናን በቅርብ የሚያስቀድሱበትን ሥፍራ ሊያዘጋጁላቸው ይገባል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ የሁለቱን ማኅበራት ልዩነት የሚገልጽ እርማት እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ካቶሊካዊ አንባቢ