ማሸጊያው ዘይት ለምን አሳለፈ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር ከወሰዳችሁት ክዳን ያለው ማሸጊያ አንዳንዱ ቀይ ወጥ ሲቆይበት ከሥር እያዛ የተመጋቢ ልብስ እንዳበላሸ ሦስት ምግብ ቤቶች ነግራችሁናል። ልክ ናችሁ፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገሩ ከየት እንደመጣም ልንነግራችሁ ይገባል።

ማሸጊያው የሚሠራው ከተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ቀሪ ነው፤ የስኳር ፋብሪካ ሰዎች ባጋስ ይሉታል። አንድ ኩንታል አገዳ ሲጨመቅ ወደ 30 ኪሎ ባጋስ ይወጣዋል፤ የዚያም ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር የተለመደው አሠራር ዛሬም አለ፦ ፋብሪካዎቹ ባጋሱን ለእንፋሎትና ለኤሌክትሪክ ያነዱታል። እኛ የምንፈልገው ከዚያ ተርፎ የሚከመረውን ነው።

«ለምን በጤፍ ጭድ አትሠሩም?» የምትሉን አላችሁ። ጭድ በገጠር ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። ከብት ይበላዋል፤ ከጭቃ ጋር ተረግጦ ግድግዳ ይሆናል። ከበሬ አፍ ነጥቀን ሳህን መሥራት አልወደድንም።

ባጋሱን አጥበን በኮስቲክ ሶዳ እንቀቅለዋለን፤ ቃጫው ሲለያይ በውሃ በጥብጠን በወንፊት ቅርጽ ማውጫ ላይ እናጠልለዋለን፤ ከዚያ በጋለ ማተሚያ ይጨመቃል። ቡናማ የሆነው በረኪና ስለማናስገባበት ነው እንጂ አሮጌ ሆኖ አይደለም።

አሁን ወደ ዘይቱ። የተጨመቀ ቃጫ ውሃን ለተወሰነ ሰዓት ይችላል፤ ትኩስ ዘይት ግን ሰርጎ መውጫ አያጣም። በዓለም ገበያ ለዚህ ሲጨመር የኖረው ፒፋስ የሚባል የፍሎሪን ውህድ ነው። ዘይትን ድርሽ አያስብልም፤ ግን በአፈርም በውሃም በሰው ደምም ውስጥ ለዘመናት ሳይፈርስ ይቀመጣል። ዴንማርክ በወረቀትና በካርቶን የምግብ ማሸጊያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከልክላዋለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ ይህ ውህድ ያለባቸው ዘይት መከላከያዎች ለምግብ ማሸጊያ መሸጣቸው እዚያ መቆሙን አስታውቋል። አንድ ነጋዴ «ጠብ አይልም» ብሎ ፈሳሽ አምጥቶልን ነበር። ፍሎሪን እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት ስንጠይቀው ሳያመጣ ቀረ፤ እኛም አልገዛነውም። አፈር ይሆናል ብለን የምንሸጥላችሁን ዕቃ በማይጠፋ ነገር መቀባት ማታለል ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የቃጫው ነው ግን አንልም። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ፣ ነገሩ ስለ ከረጢት ቢሆንም፣ ትእዛዝ በዛብንና ቸኮልን። የማተሚያውን ጊዜ አሳጠርን፤ ዕቃው በደንብ ሳይደርቅ ወጣ፤ እርጥብ ቃጫ ደግሞ ቶሎ ይለሰልሳል። ጊዜውን ወደ ነበረበት መልሰናል፤ በቀን የምናወጣው ስለሚቀንስ ከእንግዲህ ትእዛዝ በአንድ ሳምንት ቀድማችሁ ስጡን።

እናንተ ዘንድ የሚረዳው ቀላል ነው። ከሥር እንጀራ አንጥፋችሁ ወጡን በላዩ አድርጉት፤ ዘይቱን እንጀራው ይጠጣዋል፤ እንደዚያ መብላት የማይወድ ማን አለ? ጥብስና ሽሮ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጓዙ ከሆነ ግን የእኛን ማሸጊያ አትጠቀሙ። ይህን ስንል ገበያ እንደምናጣ እናውቃለን።

ከተበላበት በኋላ በግቢ ተጥሎ ቢደርቅ ወራት ሊቆይ ይችላል። ቆራርጣችሁ ከድንች ልጣጭና ከአትክልት ትርፍራፊ ጋር ብትቀብሩትና እርጥበቱን ብትጠብቁለት ነው ወደ አፈር የሚመለሰው። ወንዝ ውስጥ መጣል ያው መጣል ነው።

ካለፈው ወር ጭነት የቀራችሁን አትጠቀሙበት። ስንት እንደቀረና ስንት እንደተበላሸ በርክክብ ደረሰኙ ጀርባ ጽፋችሁ ለሾፌራችን ስጡት፤ ምትኩ ያለ ክፍያ ከሚቀጥለው ጭነት ጋር ይደርሳችኋል።

ከአክብሮት ጋር
ሥራ አስኪያጁ