80 በመቶውን ማን ነው የከፈለልን?

ክቡር አዘጋጅ፣

የመጀመሪያ ቤታቸውን ለመግዛት ለሚዘጋጁ ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። አብዛኛው ስለ ሪል እስቴት ነው። እሱን የሚመለከታቸው ይመልሱበት። እኔ እስክሪብቶ ያስነሳችኝ ስለ ኮንዶሚኒየም የጻፋችኋት አንዲት መስመር ናት። በ20/80 ፕሮግራም ቤት ፈላጊው 20 በመቶ ይከፍላል፣ ቀሪውን 80 በመቶ መንግሥት ይሸፍናል ትላለች።

እሰይ! በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቤ እስከ ዛሬ የምቆጥብ ሰው ነኝ፣ ይህን የምሥራች ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

80 በመቶው የባንክ ብድር ነው። ወለድ አለው። ቤቱ ራሱ መያዣ ይሆናል። ዕጣ የደረሰው ሰው ለዓመታት በየወሩ ይከፍለዋል። መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። መሬቱ በሊዝ ጨረታ ዋጋ አልታሰበብንም፣ የቤቶቹ ዋጋም ከገበያው በብዙ ያንሳል። ድጎማ አለ ብላችሁ ብትጽፉ ማንም ቅር አይለውም። በእናንተ አካሄድ ግን ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ስኳር የወሰደ ሁሉ ባለሱቁ ጋበዘው ሊባል ነው።

20 በመቶውም ቢሆን እንደጻፋችሁት ቀላል አይደለም። የሚሰላው በተመዘገብንበት ጊዜ በነበረው ዋጋ አይደለማ! ቤቱ ሲተላለፍ በሚወጣው ዋጋ ነው። እኔ ለባለአንድ መኝታ በወር 274 ብር ቆጥቢ ተብዬ ነው የጀመርኩት። ያኔ 274 ብር ምን ይገዛ እንደነበር የቤት አስቤዛ የሚገዛ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ጨመረ። እኛ የቆጠብነው ብር ደግሞ ባንክ ቁጭ ብሎ አቅሙ ተዳከመ። ዕጣው ሲወጣ ቁጠባህ አልሞላም፣ ልዩነቱን አምጣ ቢባል ሰው ከየት ያመጣል? ለዚያ ነው እቁብ የምንገባው። ስለ እቁብ አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም። «የፋይናንስ አማካሪ ያነጋግሩ» ብላችኋል። እሺ፣ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ከተገኘ አነጋግራለሁ።

ዕጣ ስለደረሳቸውም ትንሽ ልበል። በ2011 ዓ.ም. የ20/80 13ኛው ዙር ዕጣ ሲወጣ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ኮዬ ፈጬ ደረሳት። እልል ብለንላታል። ቁልፍ እስክትቀበል ብዙ ጠበቀች። ተቀብላ ስትገባ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ቧንቧው ውሃ የሌለው። ሴራሚክ፣ የኪችን ካቢኔት፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ የበር ቁልፍ ሳይቀር ከኪሷ ነው። እሱን እስክትጨርስ የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ ጎን ለጎን ከፈለች። ሸጬ ልገላገል እንዳትል ለ5 ዓመት መሸጥ አይፈቀድም። ለመጀመሪያ ቤት መዘጋጀት ማለት በእኛ በኩል ይሄ ነው። ዘገባችሁ ላይ ያለው ፎቶ ግን ነጭ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ይዘው የሚስቁ ባልና ሚስት ነው። ያምርባቸዋል፣ ይባረክላቸው።

የ14ኛውን ዙር እንኳ አላነሳችሁም። ሐምሌ 2014 ዕጣው ወጣ፣ ሰው ተደሰተ፣ ወዲያው መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። በ2015 እንደ አዲስ ወጣ። ስሙን አይቶ ለዘመድ ደውሎ ከነገረ በኋላ ለተሰረዘበት ሰው ምን ዓይነት ዝግጅት ትመክራላችሁ?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ፣ ዕጣው ሲወጣልሽ የጎደለውን እሞላልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ዘገባችሁን ቴሌግራም ላይ አይቶ ላከልኝ። ከሥሩ «80ውን መንግሥት ከከፈለልሽ ምን ቀረሽ ታዲያ?» ይላል። ብድር ነው ብዬ ባስረዳው፣ ባስረዳው አልሰማ አለኝ። የታተመ ነገር ነዋ! እህቱ ስታለቃቅስ ነው የኖረችው፣ ጋዜጣ ግን አይዋሽም። እንግዲህ የወንድሜን ድርሻ ዝግጅት ክፍሉ የሚሸፍንልኝ ከሆነ የሒሳብ ቁጥሬን ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ካልሆነ ማረሚያ አውጡ። ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ቴሌግራሙም ላይ ጭምር። 80 በመቶው ተመዝጋቢው ከነወለዱ የሚከፍለው ብድር ነው ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ቤት ስትጽፉም አንድ ቆጣቢ ጠይቁ። ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፣ ከራሳችሁ ጋዜጠኞች መካከል የ2005 ተመዝጋቢ አይጠፋም።

አንዲት ተከራይ መምህርት፣ ከኮተቤ