ለአባቴ፣ ስለ ፍጥረት መጀመሪያ

ውድ አባቴ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዐይንዎ እየደከመ ስለ ሆነ ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎት አደራ ብየዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበርተኞችዎ «የልጄ ሳይንስ ኦሪት ዘፍጥረት እውነት መሆኑን አረጋገጠ» ብለው በደስታ እንደ ነገሯቸው ሰማሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሃይማኖቴን እንዳልጥል ሲጨነቁ የነበሩት እርስዎ ዛሬ በሥራዬ ሲኮሩ መስማት ልቤን ሞላው። ሆኖም ይህን ቃል እንዳይደግሙት ልለምንዎት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ዓለም ከአንድ መነሻ ተነሥቶ እየሰፋ መጣ የሚለውን ሐሳብ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ቄስ ነበር። ዦርዥ ለሜትር ይባላል፤ ቤልጅየማዊ ካቶሊክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቅስና ተቀብሎ ኋላ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1927 ጋላክሲዎች፣ ማለትም ታላላቆቹ የከዋክብት ክምችቶች፣ ከእኛ የሚርቁት ጠፈሩ ራሱ ስለሚሰፋ መሆኑን በሒሳብ አሳየ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉ ከአንድ «ቀዳማዊ አቶም» እንደ ጀመረ ጻፈ። በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህ ዓይነቱ ግኝት ስለ ፈጣሪ ይመሰክራል የሚል ንግግር ሲያደርጉ፣ ደስ ሊለው ይገባ የነበረው ይህ ቄስ ግን አዘነ። በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በሮም ለተሰበሰቡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያንን አባባል አልደገሙትም። ለሜትር ቅዳሴውንም ስሌቱንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም፤ አንዱን የሌላው ምስክር አድርጎ ማቆም ግን አልወደደም።

እኔም ከእርሱ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቱም የዕለት ሥራዬ ነው። የጠፈሩን መስፋት ፍጥነት ከዓለም መጀመሪያ ዘመን ከቀረው ጥንታዊ ብርሃን ተነሥተን ስናሰላው፣ ሜጋፓርሴክ ለሚባለው የጠፈር ርቀት መለኪያ በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በከዋክብት ርቀት ስንለካው ደግሞ 73 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ እስካሁን አልተፈታም፤ ምናልባት አንደኛው ልኬት ይታረማል፣ ምናልባትም ጠቅላላው ሐሳብ ይለወጣል። ሥራችን ለመታረም የተዘጋጀ ነውና፣ እምነትዎን በእርሱ ላይ ካቆሙት እኛ ስንታረም የእርስዎ እምነት የሚናወጥ ይመስላል። አባቴ፣ እምነትዎ የኔን ቴሌስኮፕ ድጋፍ ጠይቆ አያውቅም፤ እናቴን በቀበርን ዕለት «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ሲሉ በዐይኔ አይቻለሁ።

ደግሞም ቁጥርን መፍራት እንደማያስፈልግ መጀመሪያ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ሲያስቆጥሩኝ፣ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍዬ ከቀሪው አንድ ስቀንስ ወንበር የሚባለው ቁጥር ይወጣ ነበር፤ ከእርሱ የሚሰሉት አበቅቴና መጥቅዕም ተደምረው 30 ካልሆኑ «ተሳስተሃል፣ እንደ ገና ጀምር» ይሉኝ ነበር። በዓሉ የሚከበረው በእምነት ነው፤ ቀኑ ግን በጥንቃቄ ይሰላል፤ ስሌቱ ሲሳሳት የሚታረመው ስሌቱ እንጂ ትንሣኤው አይደለም። ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ውጤቴን ሦስት ጊዜ የምፈትሸው ያን ድምፅዎን እየሰማሁ ነው።

ስለዚህ ማኅበርተኞችዎ ሲጠይቁዎት «ልጄ የሰማያትን ብርሃን ይለካል፣ ይጸልያልም» ይበሏቸው፤ ይህ እውነት ነው፣ ለእኔም ይበቃኛል።

የ2019 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብን በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ ወንበር 13፣ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ሆኖ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ወጥቶልኛል። ወንድሜ ቁጥሮቹን ያንብብልዎትና በቃልዎ ይፈትሹልኝ፤ የተሳሳትሁበት ካለ በሚቀጥለው ደብዳቤ ያርሙኝ።

ጉልበትዎን እየሳምሁ፣

ልጅዎ