በአንድ ቀን አራት ዋይነሪ? ኧረ ተዉ!

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ከዋሽንግተን ወደ ቨርጂንያ የወይን እርሻዎች፣ ማለትም ወይን ተሠርቶ ወደሚቀመስባቸው ዋይነሪዎች፣ ስለሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። መንገዱ በደንብ ተገልጿል፣ ፎቶውም ያምራል። «በአንድ ቀን አራት ዋይነሪ ማዳረስ ይቻላል» የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። እኔ እንጀራዬ መንዳት ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰው ጭኜ ወደ ሚድልበርግና ወደ ደላፕሌን እመላለሳለሁ። አራት ቢቻል እንኳ ሽርሽር ሳይሆን ሩጫ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንድ ቦታ ለቅምሻ ብዙ ጊዜ አምስት ዓይነት ይቀዳል። እያንዳንዱ 1 ኦውንስ ተኩል ነው ብንል 7 ኦውንስ ተኩል ይመጣል። አራት ቦታ ሲሆን 30 ኦውንስ። ሙሉ ጠርሙሱ ደግሞ 25 ኦውንስ ገደማ ነው። ከአንድ ጠርሙስ በላይ ጠጥቶ መሪ የሚይዘው ማነው? ሕጉ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 ከመቶ አይድረስ ይላል፣ ያም ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ነው። ሚድልበርግ አካባቢ ሩት 50 የሚባለው መንገድ ሁለት ሌን ብቻ ነው። ሲመሽ አጋዘን ዘው ይላል።

ስለዚህ ሁለት ይበቃል። አብዛኞቹ በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ላይ ይከፍታሉ፣ አመሻሹ ላይ ይዘጋሉ። ከአሌክሳንድሪያ ሚድልበርግ 45 ማይል ቢሆን ነው፤ በሌሊት መነሳት አያስፈልግም። ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ መውጣት ነው። በባዶ ሆድ ወይን መቅመስ የሚያመጣውን ጣጣ የኋላ ወንበሬ ያውቀዋል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ የዘለለው አንድ ጉዳይ አለ። እኛ ሐበሾች ስድስት ነን ብለን ተነስተን አሥራ አራት ሆነን ነው የምንደርሰው። ጎረቤት ይጨመራል፣ ከቶሮንቶ የመጣ የአጎት ልጅ ይጨመራል። ብዙዎቹ ዋይነሪዎች ደግሞ ከስድስት ወይም ከስምንት ሰው በላይ ከሆነ ቀድማችሁ አስይዙ ይላሉ። ጭራሽ ትልቅ ቡድን የማይቀበሉም አሉ። ልጅ የሚከለክሉም አሉ፣ ከ21 ዓመት በታች አይገባም ብለው። አንዴ ስሙን የማልጠራው ቦታ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ከበር መልሰውብኛል። ሕጻናቱ ያለቅሳሉ፣ አባቶች ይቆጣሉ፣ እኔ ጥላ ፈልጌ አቆማለሁ። ደውሉ ጎበዝ! የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው።

ምግብም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እዚያ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ «ቻርኩተሪ» የሚሉት ነው፣ አይብና በስሱ የተቆረጠ ሥጋ በጣውላ ላይ። ከሥጋው ብዙው የአሳማ ነው። አይቡን ብቻ ማዘዝ ይቻላል። ምግብ ይዞ መግባትም ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ዋይነሪው የራሱ ኩሽና ካለው ግን አይፈቀድ ይሆናል። ከውጭ የመጣ መጠጥ ግን የትም አይገባም፣ ጠጅም ቢሆን። እኔ ቤተሰብ ስወስድ መጀመሪያ ደላፕሌን ያለው ስካይ ሜዶውስ ፓርክ አቆማለሁ። ብሉ ሪጅ ተራራ ሥር ነው። እንጀራውና ወጡ እዚያው ያልቃል፣ ልጆቹ ሜዳው ላይ ይሯሯጣሉ፣ ከዚያ ወደ ወይኑ።

ባለፈው ክረምት የባለቤቴን አክስት ከአዲስ አበባ መጥተው ወስጃቸው ነበር። ጠጅ ጣይ ናቸው፣ ነገር አያመልጣቸውም። ቀጂዋን በእኔ በኩል የጠየቋት የመጀመሪያው ጥያቄ «ጌሾው መቼ ነው የሚገባው?» የሚል ነበር። ጌሾ እንደሌለው፣ ስኳሩ ከፍሬው እንደሚመጣ፣ እርሾው እሱን እየበላ አልኮል እንደሚያደርገው ነገረቻቸው። አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ምሬቱን ከየት አመጡት?» አሉ። ከወይኑ ቆዳና ከዘሩ ነው ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ቀምሰው ባልዲ ውስጥ ሲተፉ ሲያዩ ግን ፊታቸውን አዞሩ። «ከፍሎ መትፋት!»

ቀዩን ካበርኔ ፍራንክ ጎምዛዛ ነው ብለው ገፉት። ነጩን ቪዮኒዬ «ሽታው ደህና ነው» አሉ። ያስደሰታቸው ፔቲ ማንሳንግ ከሚባለው የወይን ዓይነት የተሠራው ጣፋጩ ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ገዙ። ጣፋጭ የለመደ እንግዳ ካላችሁ ስሙን ያዙት። ለታሪክ ወዳድ ደግሞ ኖርተንን አስቀምሱት። ሪችመንድ ከተማ የነበረ አንድ ሐኪም በ1820ዎቹ ያስገኘው የአሜሪካ ወይን ነው። ከዚያ በፊት፣ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰንና ጣልያናዊው ፊሊፖ ማዜይ የአውሮፓ ወይን በጄፈርሰን መኖሪያ በሞንቲቼሎ አጠገብ ለማልማት ደክመው ሳይሆንላቸው ቀርቷል።

ወቅቱን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ነው። ፍልሰታ አልፏል፣ ሙቀቱ በርዷል፣ ወይኑም እየተለቀመ ነው። ነጩ ቀድሞ ይሰበሰባል፣ ቀዩ ይከተላል። ረቡዕና ዓርብን ከተዋችሁ ለጾመኛውም አይከብድም። ኦክቶበር ግን ቅጠሉ ቀለም ሲለውጥ ሊያይ የሚወጣው ሰው ሁሉ አውራ ጎዳና 66 ላይ ይሰለፋል። እሁድ ማታ ስትመለሱ መንገድ ላይ ያለችው ማናሳስ ከተማ አካባቢ ቆማችሁ ልታመሹ ትችላላችሁ።

መኪና ነገር ደግሞ፣ በስልክ የሚጠራው መኪና ወስዶ ያደርሳችኋል። ሲመሽ ግን በዚያ ገጠር የሚመጣላችሁ ላይገኝ ይችላል፣ ስልኩም ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል። ከመካከላችሁ የማይጠጣ አንድ ሰው ከቤት ሳትወጡ ምረጡ። ገበያዬን ለማድራት እንዳይመስልባችሁ፤ የእኔ መኪና የምትይዘው ሰባት ሰው ብቻ ነው።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው እትም የትኛው ዋይነሪ ብዙ ሰው እንደሚቀበል፣ የትኛው ልጅ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ምግብ እንደሚፈቅድ ደውላችሁ ጠይቃችሁ ብታወጡልን። ቆርጬ መኪናዬ ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ