ለፌርፊልድ ቤት ጣሪያ እድሳት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፣

በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ከኤቮን ወንዝ ሸለቆ በላይ ያለው የፌርፊልድ ቤት ጣሪያ ባለፈው የብርድ ወራት አፍስሶ የላይኛው ፎቅ ግድግዳ ረጥቧል፤ ቀለሙም እየተላጠ ነው። ከሚያፈሰው ኮርኒስ ሥር የተደረደሩትን ባልዲዎች እኅቶቻችን በየጠዋቱ ይደፋሉ። ለዚሁ የጀመርነው መዋጮ ግን ግማሽ ሳይሞላ ቆሟል።

የቤቱን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉበት፣ ገንዘብ ሲያጥራቸው የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ የደረሱበት፣ የሕይወት ታሪካቸውንም መጻፍ የጀመሩበት ቤት ነው። ልዕልት ፀሐይ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ሲማሩ ቤተ ሰባቸው የሚኖረው እዚሁ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ያረፉትም በዚሁ ቤት ነው፤ አጽማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከድል በኋላ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ቤቱ የከተማው ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ የሰጡት አረጋውያን እንዲጦሩበት ብለው ነው። በስደት ላስጠጋ ሕዝብ የተከፈለ ውለታ ስለሆነ፣ ስጦታው ሲፈርስ ቆመን ብናይ የሚያፍረው ከተማው ብቻ አይደለም።

ቀድሞ የሰጣችሁት ገንዘብ የት እንደ ገባ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። አሸንዳውን አስለውጠንበታል፤ የበሰበሱትን የመስኮት እንጨቶች አስጠግነንበታል፤ የቀረውም ለመወጣጫ ኪራይ ውሏል። መወጣጫው ውድ መሆኑን ብናውቅም ያለ እርሱ ጣሪያው ሊመረመር አይችልም ነበር፤ ደረሰኞቹም በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ተነበዋል። ለኮሚቴው አባላት አበል የተከፈለ አንድም ሳንቲም የለም።

ስለዚህ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አባቶቻችንም ክብር፣ የምትችሉትን እንድትለግሱ እንማጸናለን። መዋጮው የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከየአጥቢያችሁ ተወካይ ውሰዱ፤ ስትልኩም «ለጣሪያ» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ። በድጋሚ እናሳስባለን፦ በግለሰብ ስም ለተከፈተ ሒሳብ አትላኩ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉም ጥሬ ገንዘብ ለማንም አትስጡ።

የእድሳት ኮሚቴው