ዲኤክሷና ቫኪዩም ጌጁ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም ችግኝ ተክሏል፣ ላብራቶሪ አጽድቷል፣ በሳይንስ ቀን ሳሙና ሠርቶ አሳይቷል። በየዓመቱ የምናደርገው ስለሆነ አላስረዝመውም። ልጆቹ ሲያወሩለት የከረሙት ቫኪዩም ጌጁን ነው።

ጌጁ የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቧንቧ) ውስጥ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ያሳያል። ጣት ተደፍኖበት እንደሚጎተት መርፌ (ስሪንጅ) ማለት ነው። የሚለካው በሜርኩሪ ኢንች ነው፤ በክፍል የምናስተምረው የባሕር ጠለል አየር ግፊት፣ 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ፣ በዚህ መለኪያ 30 ኢንች ገደማ ይሆናል።

መጀመሪያ አንዱ ልጅ የአጎቱን አይሱዙ አስመጣ። ናፍጣ ሞተር መግቢያው ላይ አየር የሚያግድ ክዳን ስለሌለው አይሆንም፤ አመስግነን ሸኘነው። ቀጥሎ የአንድ ተማሪያችን አባት ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላትን አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ።

ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ሰርቮው (ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው) የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ቆርጠን የቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ አስገባን። ቦታው ከቼክ ቫልቩ (አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፈው) በፊት፣ በማኒፎልዱ በኩል መሆን አለበት። ከካርቡሬተሩ የአየር ክዳን በላይ ካለች ቀዳዳ ላይ ከተሰካ የጌጁ መርፌ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) አትነሳም።

ሞተሩ ሲሞቅ መርፌዋ 8 ላይ ቆመች። መመሪያው ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ያሳያል ይላል። አባትየው ክው አሉ። የጠራነው መካኒክ ጎንበስ ብሎ አዳመጠና፣ «ጋሼ አይደንግጡ፣ በማይሆን ቦታ አየር እየሳበች ነው» አላቸው። ካርቡሬተሩ ሥር ውሃ ጠብ ሲያደርግበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ተቀየረ፤ መርፌዋ 11 ላይ ቀጥ አለች።

«ገና ነው እኮ!» አሉ ልጆቹ። እኔ የምፈልገው ይህችን ነበር። የመመሪያው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ከፍ ሲባል የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። 8 ኢንች ሲቀነስ ከ9 እስከ 13 ይመጣል። ስለዚህ 11 ጤነኛ ነው፤ የቀድሞው 8 ግን ለደሴም ያንሳል። ቁጥሩ እንዲህ ከአገር አገር ይለያያል፤ የምትወዛወዝ መርፌ ግን የትም ቢሆን ችግር ናት። እኩል እየቆጠረች ጠቅ ጠቅ የምትል ከሆነ የሞተሩ ቫልቭ ይጠረጠራል።

ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ልጆቹ «13 ይሆናል» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ማን ይሂድ በሚለው ጭቅጭቅ ስለተነሳ ዕጣ አወጣን። የጌጁን ቱቦ በመስኮት አስገብተን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ሹፌሩ ማርሽ ውስጥ ሆነው እግራቸውን ከቤንዚን ሲያነሱ መርፌዋ ከሚኒሞው አልፋ ወጣች። ከኋላ «ተበላሸ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አልተበላሸም፤ የአየር ክዳኑ ተዘግቶ የመኪናዋ ጎማዎች ሞተሩን ሲያዞሩት የሚሆነው ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ደርሰን ሚኒሞ ላይ አየናት፤ 13ን ነክታ ቆመች። ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ወደ ዜሮ ተጠጋች። አባትየው «ለካ ቤንዚኔ የሚያልቀው እዚህ ነው» አሉ። ከወረቀት እሳተ ገሞራ ይህን እመርጣለሁ፤ የሳይንስ ቀን ዳኞች ግን አልተስማሙም።

ሲያልቅ ቲውን አውጥተን ለሰርቮው አዲስ ቱቦ ገጠምንለት። በፍሬን ቀልድ የለም።

ጌጁ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጧል። ካርቡሬተር ያላት መኪና ያለው ወላጅ በሚቀጥለው ዓመት ብቅ ይበል። አይሱዙ ይቅር።