ስለ ውሃው ጉዳይ ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እማማስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹ አድገዋል። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ትንሿ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እሱን ተይው።

ዝምታችን ረዘመ። መጀመሪያ እናንተ ጋ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ እኔም የማይደርስ መልእክት እየላክሁ ከረምሁ። ሲለቀቅ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ያን ሁሉ ተኩስ እየሰማ ለከረመ ሰው «እንዴት ነሽ» ማለት አነሰብኝ። ዛሬ ነገ ስል አንቺ ቀደምሽኝ፤ የጻፍሽልኝ ግን ሰላምታ ሳይሆን ቁጣ ነው። «ፎቶሽን አየሁት። የራስ ቁር ደፍተሽ ፏፏቴ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ልጆችሽን ለማን ልትጥያቸው ነው?» ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ለካ ቁጣሽም ይናፍቃል።

በድምፅ መመለስ እችል ነበር። ግን ነገሩ ረጅም ነው፤ ደግሞም ወደ አገር ቤት የምትገባ ሰው አግኝቼ ዕቃ ስለምልክልሽ በወረቀት ይሁን አልሁ።

ፎቶው ላይ ካያክ የሚባል ትንሽ ጀልባ ስቀዝፍ ያየሽኝ ፏፏቴው ውስጥ አይደለም፤ ከሱ በታች ያለው ገደል ውስጥ ነው፣ ማዘር ጎርጅ ይሉታል። ወንዙ ፖቶማክ ነው፣ ዋሽንግተንን ታክኮ የሚያልፈው። ከከተማው ወጣ ሲባል ግሬት ፎልስ የሚባል ቦታ አለ፤ ውሃው አንድ ማይል ባልሞላ ርቀት በአለት መካከል እየተሰባበረ 76 ጫማ ይወርዳል፣ ወደ 23 ሜትር መሆኑ ነው። የኛ ሰው እሁድ እሁድ ምግቡን ቋጥሮ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዞ ይሄድበታል፤ «ጢስ ዓባይን አይመስልም?» የማይል የለም። አይመስልም። ጢስ ዓባይ አንዴ ነው የሚወረወረው፤ ይሄ በደረጃ በደረጃ እየተንገጫገጨ ነው የሚወርደው። እ.ኤ.አ. በ1975 ቶም ማክዩዋን፣ ዊክ ዎከርና ዳን ሽኑረንበርገር የሚባሉ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በካያክ ወረዱት፤ እነሱም ዘለው አልገቡም፣ ቦታውን ሲያጠኑ ከርመው ነው። እኔ እዚያ አልደርስም። እንኳን ልገባበት፣ ከላይ ሆኜ ሳየው ጉልበቴ ይከዳኛል። ስለዚህ ልጆቼን ለማንም አልጥልም፣ ተረጋጊ።

ወደ ቀዘፋው ያስገባችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ አብረን እንሠራለን፤ እሷ ራሷ ጡረታዋ ደርሷል። በበረዶው ወራት እሷና ቀዛፊ ጓደኞቿ የመዋኛ ገንዳ ተከራይተው ይለማመዳሉ፤ «ነይና እይ» አለችኝ። ለማየት ሄጄ ገባሁ።

ካያኩ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ አጭር የፕላስቲክ ጀልባ ነው። እግርሽን ወደፊት ዘርግተሽ ትቀመጪያለሽ። ወገብሽ ላይ ቀሚስ የሚመስል ወፍራም ላስቲክ ታጠልቂና ጠርዙን በጀልባው አፍ ዙሪያ ወጥረሽ ትገጥሚዋለሽ፤ ውሃ እንዳይገባ ነው። መጀመሪያ የሚያስተምሩሽ መቅዘፍ እንዳይመስልሽ። መገልበጥ ነው። ራስሽ ውሃ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቆ እያለ የጀልባውን ሆድ በእጅሽ ሦስት ጊዜ ትመቻለሽ፤ እንዳልደነገጥሽ ማሳያ ነው። ከዚያ ከፊትሽ ያለውን የላስቲኩን ማንጠልጠያ በዳበሳ ፈልገሽ ስትስቢው ይከፈትና ትወጫለሽ። እኔ ማንጠልጠያውን እስካገኘው አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሼ ነበር። ውሃው በአፍንጫዬ ገብቶ አናቴን ነደለው። የራስ ቁሩም ሹሩባዬ ላይ አልገባ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያታግለኝ ነበር፤ አሁን እዚያ የምሄድ ቀን ጠጉሬን ወደ ኋላ ብቻ ነው የምሠራው።

ቀጥሎ ከጀልባው ሳይወጡ ተገልብጦ መነሳት ነው፤ ሮል ይሉታል። የክንድ ጉልበት መስሎኝ ስታገል ከረምሁ። ጉዳዩ የዳሌ ነው። በዳሌሽ ጀልባውን ታዞሪዋለሽ፣ ራስሽ ከሁሉ መጨረሻ ይወጣል። የሚሰጥም ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያነሳው ራሱን ነው፤ አየር ፈልጎ። ራስሽን ካስቀደምሽ ጀልባው መልሶ ይደፋሻል። ይህን ገላዬ እስኪያምን በረዶው አለፈ።

ገንዳው ውስጥ አጠገቤ የሚለማመድ አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ያጣ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ለተኙ ቁስለኞች የተጀመረ ቲም ሪቨር ራነር የሚባል ማኅበር አለ፤ በዚያ በኩል የመጣ ነው። በክራንች እየተደገፈ ገንዳው ዳር ይደርሳል፣ ሰው ሠራሽ እግሩን ፈትቶ ግድግዳው ሥር ያቆመዋል፣ ጀልባው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። እያየሁት በሐሳብ ወደናንተ ሄድሁ። ስንት ልጅ አካሉን አጥቶ ቤት እንደተቀመጠ አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ።

ወንዝ ስወርድ ከጠበቅሁት ሁሉ የተለየብኝ የውሃው አካሄድ ነው። ወንዝ ዝም ብሎ ወደ ታች የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ከትልቅ አለት ጀርባ ግን ውሃው ተመልሶ ወደ ላይ የሚዞርበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ፤ ኤዲ ይሉታል። በግራና በቀኝሽ ወንዙ እየጮኸ ያልፋል፣ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ አፍንጫሽን ትጠርጊያለሽ። አወራረዱም ከአንዱ ኤዲ ወደ ሌላው ነው። የበቃ ሰው ይቀድማል፣ ኤዲ ውስጥ ገብቶ ዞሮ ይጠብቃል፣ ቀጣዩ ይለቃል። በጩኸቱ ድምፅ ስለማይሰማ ንግግሩ በምልክት ነው፦ መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ከቆመ «ነይ»፣ አግድም ከተያዘ «ቁሚ»። በመዳፍሽ አናትሽን መታ መታ ካደረግሽ «ደህና ነኝ» ነው፤ ተገልብጦ የተነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠየቀው ይህን ነው። ሦስት ጊዜ ፊሽካ ከተነፋ ግን ሁሉም ሥራውን ትቶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የቀረ ሰው ሳይቆጠር ማንም ወደ ታች አይቀጥልም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እዚህ አገር ስኖር ሰው ዞር ብሎ እንዲህ ሲጠብቀኝ ያየሁት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እዚያ ብቻ ነው።

ብቻውን የሚወርድ ሰው ያሙታል። ለነገሩ ብቻሽን ብትፈልጊም አይመችም፤ አንዱ መኪና ከታች መውረጃው ጋ መቆም አለበት፣ በሌላው ተጭነሽ ወደ ላይ ትመለሻለሽ። ወሬው ሁሉ ያለው እዚያ መኪና ውስጥ ነው፤ እርጥብ ልብስ፣ የእግር ሽታ፣ የማን ሚስት ወለደች፣ ማን ከሥራ ተባረረ። ከጀልባው ወጥቶ የዋኘ ሰው ደግሞ ቅጣት አለበት፤ በገዛ እርጥብ ጫማው ቢራ ይጠጣል! እኔ ተራዬ ሲደርስ በአምላክ ይዣችኋለሁ ብዬ በኮካ አስቀየርሁት።

የማይጥመኝም አለ። ስለ ዕቃ ሲያወሩ አያልቅባቸውም፣ ዕቃው ደግሞ እሳት ነው፤ የኔ ጀልባ ሁለት ሰው ያስረጀው ነው። የኛ ዓይነት ፊት ፈልገሽ አታገኚም። «የመጀመሪያው ወራጅ» የሚሉት ነገርም ያናድደኛል። ከባሕር ዳር መምጣቴን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ «ብሉ ናይል!» ብለው ይነሡና ታሪክ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በጃንሆይ ጥያቄ የእንግሊዝ ጦር ሰዎች በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ዓባይን በጎማ ጀልባ ወርደዋል፤ አንዱ ባልደረባቸው በጉዞው ላይ ሰጥሞ ቀርቷል። በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል ገና የሕክምና ተማሪ የነበረ ልጅ ጓደኞቹን ይዞ በካያክ መጣ። ይኸው ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ በሚባል ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለማዳን ገብቶ ሞተ፤ እሱን ሲያነሡ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከግሽ ዓባይ ተነሥተው በ114 ቀን እስክንድርያ ገቡ። ጉብዝናቸውን አልክድም። እኔም ታዲያ ስለ ታንኳ እነግራቸዋለሁ፤ ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ ወይጦዎቹ ማገዶ ጭነው ማዕበል ሲነሣ እንዴት እንደሚይዙት። በስልቻ ተንሳፎ ዓባይን ስለሚሻገር ቆላ ሰውም ነገርኋቸው። እሱን ማን ብሎ መዝግቦት!

አንድ የሚያስቅሽ ልንገርሽ። ደራርቱ በባርሴሎና የሮጠች ጊዜ፣ በኛ አቆጣጠር 1984፣ እናንተ ቤት ስንጮህ እማማ ሕፃን ቀሰቀሳችሁ ብለው ያባረሩን ትዝ ይልሻል? በዚያው ሰሞን በዚያው ኦሊምፒክ ጆ ጃኮቢና ስኮት ስትሮስባው የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በታንኳ ስላሎም፣ በሚሮጥ ውሃ ላይ በተሰቀሉ በሮች መካከል መቅዘፍ ነው፣ ወርቅ ወስደው ነበር። የአሜሪካ ቀዛፊዎች ለዚያ ውድድር ከተለማመዱባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ዲከርሰን የሚባል፣ አሁን የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ጓሮ ነው፤ ማሽኑን አቀዝቅዞ የሚወጣውን ሙቅ ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ለቀው፣ ሰው ሠራሽ አለት ተክለውበት። በበረዶ ወር ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቀዝፉ አስቢው። ይህን የነገረኝን ሰው ስለ ደራርቱ ስጠይቀው አላወቃትም። ተያየን።

አሁን ወደ ቁጣሽ ልመለስ። ግሬት ፎልስ አካባቢ መዋኘት ክልክል ነው፤ ማስጠንቀቂያው በየቦታው ተለጥፏል፤ ሰው ግን ያልቃል። አብዛኞቹ ቀዛፊዎች አይደሉም። አለት ላይ ፎቶ ሲነሣ የተንሸራተተ፣ ዓሣ ሲያጠምድ የወደቀ፣ ሙቀት ሆኖበት እግሩን ነከር ሊያደርግ የገባ ነው። የራስ ቁር የለው፣ የሚያንሳፍፍ ጃኬት የለው፣ ከታች ገመድ ይዞ የሚጠብቀው የለው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው ያሳደጉን እናቶቻችን አልተሳሳቱም። ከሸለቆው በታች ብሩክሞንት የሚባል አጭር ግድብ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ለጥ ያለ፣ ሕፃን የሚሻገረው ይመስላል። እግሩ ሥር ግን ውሃው በራሱ ላይ ይጠቀለልና የገባውን ሰው እያሽከረከረ አይለቅም። ፏፏቴውን በሳቅ የሚወርዱት ጎበዞች ያን ግድብ ሲያዩ ጀልባቸውን ተሸክመው በየብስ ያልፋሉ። ሌላው የሚፈሩት የወደቀ ዛፍ ነው። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን አይደል፤ ግንዱ ዳር ላይ ሲቀረቀር እንደ ወንፊት ነው፣ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል። እኛን «አትቅረቡ» ብለው አሳደጉን፤ ለምን እንደሆነና ከገባን ምን እንደምናደርግ ግን የነገረን አልነበረም። እኔ የተማርሁት ይህን ነው፣ ለዚህም ነው የማልተወው።

ለዚህ ደግሞ ዋናው ምክንያቴ ልጅሽ ነው። ወደ ዘጌ ከሚያመላልሱት ጀልባዎች ላይ ረዳት ሆኗል፣ ሥራ ሲጠፋ ከጓደኞቹ ጋር ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት፣ ከጨረጨራ ግድብ በታች ይዋኛል ብለሽኛል። ሁለት የሚያንሳፍፍ ጃኬትና በከረጢት የተጠቀለለ ገመድ ልኬለታለሁ። ጃኬቱን አልብሺውና ትከሻውን ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ ጆሮው ጋ ከደረሰ ላልቷል፣ የጎኑን ማሰሪያዎች አጥብቂ። ትራስ አድርጎ አይቀመጥበት፣ ስፖንጁ ይሞታል። ውሃ ከወሰደው በጀርባው ይተኛ፣ እግሩን ወደ ታችኛው አቅጣጫ ዘርግቶ ጣቶቹን ከውሃው በላይ ያሳይ። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም እንዳይሞክር፤ እግሩ ድንጋይ መካከል ከገባ ውሃው ይደፋዋል፣ ጥልቀቱ ጉልበቱ ድረስ ቢሆንም እንኳ። ገመድ ሲወረወርለት እጁ ላይ አይጠምጥም፤ በትከሻው ላይ አድርጎ ደረቱ ላይ በሁለት እጁ ይያዘው፣ በጀርባው ተኝቶ ይጎተት። ወርዋሪው ደግሞ የገመዱን ጫፍ መያዙን ሳያረጋግጥ ከረጢቱን እንዳይወረውር፤ ስቀሽ ይሆናል፣ ጫፉን ረስቶ ሁሉንም የሚወረውር ሞልቷል።

ይህን አንብቢለት፤ «የአክስትህ ትእዛዝ ነው» በይው። ትልቁ ጃኬት ለሱ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነው፤ ትንሹ ለወንድሙ። ካልሆናቸው የሁለቱንም የደረት ዙሪያ በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚገባ ሌላ ሰው አለ። በርበሬ አትላኪ፤ ሽሮው ግን እያለቀ ነው።

ናፋቂ እህትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ